ሰው ሲቀርበው የሚመልስ የጥበብ ሥራ፦ ኤሌክትሮኒክስ ለሚጀምሩ የሐዋሳ ልጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ ወይም ዲዛይን ከሚሠሩ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ሥራዬ ሰው ሲቀርበው እንዲንቀሳቀስ ወይም እንዲበራ እፈልጋለሁ፣ ኤሌክትሮኒክስ ግን አላውቅም፣ ምን ላድርግ? መልሶቹን እዚህ ሰብስበናል። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፤ ከካርቶንና ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ እውነተኛውን የሚያህል አባ ኮዳ፣ ሐይቁ ዳር የሚቆመው ትልቁ ወፍ።

የተማርኩት ሥዕል ነው፣ ፊዚክስ ረስቻለሁ። ይቻላል?

ይቻላል። አርዱዪኖ የሚባለው፣ ሞተርና መብራት የሚሰካበትና በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ራሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ በነበረ የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። የታሰበውም ለመሐንዲስ ሳይሆን ኤሌክትሮኒክስ ለማያውቁ የዲዛይን ተማሪዎች ነበር። ማለትም ለእናንተ።

ለመጀመሪያ ሥራ የምትፈልጉት ፊዚክስ የኦም ሕግ ብቻ ነው፤ ቮልትን በኦም ስታካፍሉ አምፔር ይወጣል። ሰውን የሚፈትነው ሒሳቡ አይደለም። ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ አንዲት ሽቦ ላልታ ሁለት ሰዓት ስትፈልጓት የምትቆዩበት ቀን ነው የሚፈትነው።

መጀመሪያ ዕቃ ልግዛ ወይስ ሐሳብ ይኑረኝ?

ሐሳብ። ብዙ ሰው ሴንሰር (ሰው መምጣቱን፣ ርቀትን ወይም ብርሃንን የሚያውቅ መሣሪያ) ይገዛና “አሁን በዚህ ምን ልሥራ?” ይላል። ውጤቱ ሁሌም ያው ነው፤ ሰው ሲመጣ የሚበራ መብራት። እሱ ደግሞ የሆቴል ኮሪደር ላይም አለ፣ ማንም ቆሞ አያየውም።

ዕቃ ሳትገዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሰው እንዲህ ሲያደርግ፣ ሥራው እንዲህ ይመልሳል፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሦስተኛዋ ክፍል ናት ከባዷ። “ምክንያቱም ደስ ይላል” ካላችሁ ገና ነው፣ ተመለሱና አስቡ።

ወደ አባ ኮዳው እንምጣ። ጠዋት አሞራ ገደል የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ እሱ ከጎን ይቆማል፣ አይቸኩልም፣ የሚጣልለትን አንጀት ይጠብቃል። ሰው ተንደርድሮ ሲመጣበት ዞር ይላል፣ ዝም ብሎ የቆመውን ግን ከቁብም አይቆጥረውም። እንግዲህ ዓረፍተ ነገራችን ይህች ናት፦ ሰው ሲጠጋው አባ ኮዳው አንገቱን ይቀብራል፤ ቀርቦ ለአራት ሰከንድ ያህል ሳይንቀሳቀስ ለቆመ ግን ቀስ ብሎ አንገቱን ያነሳና ያየዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ሐይቅ ዳር ምሳ የሚያገኘው የታገሠ ነው።

ይህን ከጻፋችሁ ዕቃው ራሱ ይመረጣል። ሰው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ርቀቱን ማወቅ አለብን፣ ስለዚህ ርቀት የሚለካ ሴንሰር። አንገት አለ፣ ስለዚህ ሰርቮ ሞተር፣ ማለትም ወደታዘዘው ማዕዘን ዞሮ የሚቆም ሞተር። ትዕግሥት አለ፣ እሱ ኮዱ ውስጥ ያለ ሰዓት ነው። ዋይፋይ የለም፣ ስክሪን የለም፣ ካሜራ የለም። የማያስፈልገውን ማወቅ ብር ያተርፋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ገና ሽቦ ሳትነኩ አንገቱን በካርቶን ቁረጡና ከጀርባ ሆኖ ገመድ የሚጎትት ጓደኛ አስቀምጡ። ጎረቤት ጥሩና አሳዩ። ሰው ቆሞ ካልጠበቀ፣ አራቱ ሰከንድ ከረዘመበት ወይም ከጀመረ በኋላ ምን እንደሆነ ካልገባው፣ ያን ማወቅ የሚሻለው አሁን ነው።

እሺ፣ ምን ምን ልግዛ?

አርዱዪኖ ኡኖ ወይም ከእሱ ጋር የሚስማማ ርካሽ ቅጂ፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ማገናኛ ሽቦዎች፣ ጥቂት ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራቶች)፣ 220 ኦም እና 10 ሺህ ኦም ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ)፣ ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለው ርቀት ለኪ፣ አንድ ሰርቮ። በዚህ ላይ ቴስተር። ቴስተር ቅንጦት የሚመስለው ሰው አለ፣ አይደለም። ያለሱ ሽቦ ተበጥሶ ይሁን ባትሪ አልቆ አታውቁም፣ ስትገምቱ ትውላላችሁ።

ኢኤስፒ32 ልግዛ የሚል ብዙ ነው። ጥሩ ቦርድ ነው፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አለው፣ ፍጥነቱም ከኡኖ በብዙ ይበልጣል። ግን ፒኖቹ (ሽቦ የሚሰካባቸው ነጥቦች) የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር በቀጥታ ከሰካችሁበት ልትጎዱት ትችላላችሁ። ኡኖ በ5 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የጀማሪ ስህተትም ይችላል። ለመጀመሪያ ሥራ ኡኖ ይበቃል።

ዕቃው እስኪመጣ ደግሞ ቲንከርካድ ወይም ዎክዊ የሚባሉ ድረ ገጾች ላይ ገብታችሁ በኮምፒውተር መለማመድ ትችላላችሁ። ነፃ ናቸው፣ የሚቃጠልም ነገር የለም።

ሐዋሳ ውስጥ ከየት ይገኛል?

ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። ሬዚስተር፣ ሽቦ፣ የብየዳ እርሳስ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አሮጌ ቻርጀር፣ እነዚህ ቴሌቪዥንና ሞባይል የሚጠግኑ ቤቶች አይጠፉም። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ግን ባለሙያው ሥራ በበዛበት ሰዓት አይሁን። ጥሩ ጠጋኝ ጋር ግማሽ ቀን መቀመጥ ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል፤ ብየዳ በዓይን ነው የሚለመደው።

አርዱዪኖና ሴንሰር ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ከመርካቶ ወይም በቴሌግራም ከሚሸጡ ሰዎች። ሰው የሚሄድ ካለ አስገዙ፣ ካለዚያ በመኪና ይላክላችኋል። ከማዘዛችሁ በፊት ግን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የምታውቁት ልጅ ካለ ጠይቁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ጨርሶ ቦርዱን መሳቢያ ውስጥ የረሳ ተማሪ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ምንጭ ቆራሌው ነው። የተበላሸ ፕሪንተር ውስጥ ሞተሮች፣ ጥርሶች፣ ቀጥ ያሉ የብረት ዘንጎች አሉ። ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ትንሽዬ ሞተሮች። አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ስፒከር። በካቻቢቴና በፒንሳ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ይማራል። ሁለት ነገር ግን አትክፈቱ፤ ባለ ትልቅ ጀርባውን አሮጌ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ። ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ውስጣቸው የሚገድል ቮልት ሊይዙ ይችላሉ።

ቦርዱን ስሰካ ኮምፒውተሬ አያውቀውም። ተበላሽቶ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያስተላልፉ ኬብሎች አሉ። ካልሆነ ቅጂ ቦርዶች ላይ ሲኤች340 የሚባል ቺፕ ስላለ የእሱን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ጫኑ። ድራይቨሩን ኢንተርኔት ባለበት ቀን ፍላሽ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ኤልኢዲ በሬዚስተር የሚሰካው ለምንድን ነው? ያለ እሱም በርቶልኛል።

በርቷል፣ ግን ዕድሜው አጭር ነው፣ ቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቀይ ኤልኢዲ የሚወስደው 2 ቮልት አካባቢ ነው። አርዱዪኖ 5 ይሰጣል። የተረፈውን 3 ቮልት የሚሸከም ነገር ከሌለ ኤልኢዲው ያለ ልክ አምፔር ይስባል። 3 ቮልትን በ220 ኦም ስታካፍሉ 14 ሚሊአምፔር ገደማ ይመጣል፣ ይህ ለኤልኢዲውም ለፒኑም ምቹ ነው። የኡኖ አንድ ፒን ከ20 ሚሊአምፔር ባያልፍ ጥሩ ነው፣ 40 ላይ ሲደርስ ጣሪያው ነው።

220 ኦም ባለ አራት ቀለበት ሬዚስተር ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ ነው። 10 ሺሁ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ። አራተኛው ቀለበት የትክክለኛነቱን መጠን ነው የሚናገረው። የቀረውን ቀለም አትሸምድዱት፣ ቴስተር አለላችሁ።

የትኛውን ሴንሰር ልጠቀም?

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚሳካው ወይም የሚወድቀው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይ።

ፒአይአር የሚባለው፣ ነጭ ጉልላት ያለው፣ የሚያየው የሙቀት እንቅስቃሴን ነው። ሞቅ ያለ አካል ከፊቱ ሲያልፍ “ሰው አለ” ይላል፣ እስከ 7 ሜትር ገደማ ድረስ። ግን ርቀት አይነግራችሁም፣ ቆሞ ዝም ያለ ሰውም ይጠፋበታል። የእኛ አባ ኮዳ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ዝም ያለውን ሰው ነው! ስለዚህ አይሆንም። ለሌላ ሥራ ከተጠቀማችሁበት ደግሞ ኤሌክትሪክ ካገኘ በኋላ እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ያህል ስጡት፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚያወራው ሁሉ አይታመንም።

በብርሃን የሚሠራው ኤልዲአር ርካሽ ነው። ከ10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ጋር አንድ መስመር ላይ አያይዛችሁ መሃሉን አናሎግ ፒን ላይ ትሰካላችሁ፣ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። የሰው ጥላ ሲያርፍበት ቁጥሩ ይቀየራል። ችግሩ የሐዋሳ ፀሐይ ነው። ጠዋት የሠራው ቁጥር ቀትር ላይ አይሠራም። ስለዚህ “500 ሲደርስ” ብላችሁ አትጻፉ፤ ኮዱ ሲነሳ የአካባቢውን ብርሃን ለክቶ፣ ከዚያ በየደቂቃው ቀስ እያለ ራሱን እያስተካከለ፣ ልዩነቱን ብቻ እንዲያይ አድርጉ።

ለእኛ የሚሆነው ኤችሲ-ኤስአር04 ነው። ሰው የማይሰማው 40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይልክና ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፣ ደርሶ መልስ ስለሆነ ማይክሮሰከንዱን ለ58 ስታካፍሉ ሴንቲሜትር ታገኛላችሁ። ከ2 ሴንቲሜትር እስከ 4 ሜትር ይላል ወረቀቱ። በተግባር ከ2 ሜትር በላይ ሰው ላይ አትመኑት፣ በተለይ ልብሱ ለስላሳ ከሆነ። ጋቢ የለበሰ ሰው ድምፁን ይውጠዋል፣ ጎን ሰጥቶ የቆመ ሰው ወደ ሌላ ያንጸባርቀዋል። መፍትሔው አምስት ጊዜ ለክቶ በመጠን አስተካክሎ መደርደርና መሃለኛውን መውሰድ ነው። አማካይ አትውሰዱ፤ አንድ የተሳሳተ ቁጥር አማካዩን ይዞት ይሄዳል፣ መሃለኛውን ግን አይነካውም።

ቁመቱንም አስቡበት። ትልቅ ሰው ደረት ላይ ካነጣጠራችሁ ልጆች ከሥሩ ያልፋሉ።

ሰርቮው ይንቀጠቀጣል እንጂ አንገቱን አያነሳም።

ክብደት ነው። ኤስጂ90 የሚባለው ትንሹ ሰርቮ ጉልበቱ 1.8 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ማለትም ከዘንጉ አንድ ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 1.8 ኪሎ ያነሳል። አንገታችሁ 40 ሴንቲሜትር ረዝሞ 200 ግራም ቢመዝን፣ ክብደቱ መሃል ላይ እንዳለ ቁጠሩት፣ 0.2 ሲባዛ በ20፣ 4 ይመጣል። ከጉልበቱ ከእጥፍ በላይ! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ትልቅ ሰርቮ ይገዛል። ግዴታ አይደለም። አንገቱን በራሱ ዘንግ ላይ ስቀሉት፣ ከዘንጉ በኋላ ባለው ጫፍ ላይ ማመዛዘኛ አድርጉበት፣ ጥቂት ብሎን ይበቃል። ሚዛኑ ሲስተካከል በጣት ስትነኩት ይወዛወዛል። ከዚያ ሰርቮው የሚሸከመው አንገቱን ሳይሆን ትርፉን ብቻ ነው፣ በቀጭን ሽቦ ከጎን ይገፋዋል። እንቅስቃሴውም ያምራል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

ሞተሩ ሲንቀሳቀስ አርዱዪኖው ጠፍቶ ይነሳል።

ሞተሩን ከአርዱዪኖው 5 ቮልት ፒን ላይ ስለሰካችሁት ነው። የኮምፒውተር ዩኤስቢ በተለምዶ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ሰርቮ ሲታገል ብቻውን ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ቮልቱ ይወርዳል፣ ቦርዱ ራሱን ይስታል። ለሞተሩ የራሱን 5 ቮልት ስጡት፣ 2 አምፔር የሚል የስልክ ቻርጀር ይሆናል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚረሳው የሁለቱን ግራውንድ (የኔጋቲቩን መስመር) ማገናኘት ነው። ካልተገናኙ የአርዱዪኖው ትእዛዝ ሞተሩ ጋ ትርጉም የለውም። ከሞተሩ አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ብታደርጉ የበለጠ ይረጋጋል፣ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አትቀያይሩ፤ ይፈነዳል፣ ቀልድ አይደለም።

ባለ ቀለም የኤልኢዲ ጥብጣብ ለምትጨምሩም ያው ነው። ደብሊውኤስ2812 የሚባለው፣ አንዷ መብራት ሙሉ ነጭ ስትሆን እስከ 60 ሚሊአምፔር ትወስዳለች። 60 መብራት ማለት 3.6 አምፔር ነው። ወይ ትልቅ ቻርጀር ፈልጉ፣ ወይ ብርሃኑን ወደ ሩብ አውርዱት። አውርዱት ነው የምንለው፤ ማታ ላይ ሩቡም ዓይን ይወጋል። ሐይቅ ዳር ደግሞ ነጭና ሰማያዊ መብራት ትንኙን ሁሉ ይጠራዋል፣ ብርቱካናማና ቀይ ይሻላል።

ኤግዚቢሽኑ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

ይሄዳል ብላችሁ ሥሩ። ከ5 ቮልት በላይ የማይፈልግ ሥራ በፓወር ባንክ ይውላል። ሒሳቡን ግን እሽጉ ላይ ካለው ቁጥር አትጀምሩ። 10 ሺህ ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው የውስጡን 3.7 ቮልት ባትሪ ነው፤ ወደ 5 ሲቀየርና ብክነቱ ሲቀነስ ወደ 6 ሺህ ሚሊአምፔር ሰዓት ይወርዳል። ሥራችሁ በአማካይ ግማሽ አምፔር ከወሰደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ያውም እውነተኛ ፓወር ባንክ ከሆነ። አንዳንዱ ደግሞ የሚስበው ነገር ትንሽ ሲሆን “ስልኩ ሞልቷል” ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አንድ ሙሉ ቀን አስውላችሁ ሞክሩት።

ሌላው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሥራው ማንም ሳይነካው ራሱን መጀመር አለበት። አባ ኮዳው ሲነሳ መጀመሪያ አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ያምጣ፣ ከዚያ ነው ሰው መፈለግ የሚጀምረው።

220 ቮልቱን ራሱን ግን አትንኩት። አምፖል ማብራት ማጥፋት እፈልጋለሁ የምትሉ፣ የ5 ወይም የ12 ቮልት አምፖል ፈልጉ። የግድ ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሊቲየም ባትሪዎችን በሽቦ አያይዞ መሥራትም ይቅር፤ እሳት ነው የሚያስነሱት።

ኮዱን ከኢንተርኔት ብወስድ ወይም ኤአይ ቢጽፍልኝ ነውር ነው?

ምንም ነውር የለውም። ግን ኤአይ ሽቦው መላላቱን አያይም፣ እናንተ ናችሁ የምታዩት። የወሰዳችሁት ኮድ ውስጥ “ዲሌይ” የሚል ትእዛዝ በብዛት ካለ ተጠራጠሩ። ዲሌይ ማለት ቦርዱ ለዚያን ያህል ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል ማለት ነው። አባ ኮዳው አራት ሰከንድ ሲቆጥር ሰውየው ቢሄድ አያውቅም። “ሚሊስ” የሚባለውን ተማሩ፣ ሰዓት እያየ ሌላ ሥራ የሚሠራበት መንገድ ነው። ሥራውን ደግሞ በሁኔታ ክፈሉት፤ ብቻውን ነው፣ ሰው መጥቷል፣ ሰው ቆሟል፣ እያየው ነው። ወረቀት ላይ አራት ክብ ሥላችሁ በቀስት ካገናኛችሁ ኮዱ ግማሹ አለቀ።

ብየዳ የግድ ነው?

ቤት ውስጥ ለመሞከር አይደለም። ወደ ውጭ ለሚወጣ ሥራ ግን አዎ። ብሬድቦርድ ላይ የተሰካ ሽቦ ከአቶቴ ተነስቶ ፒያሳ በባጃጅ እስኪደርስ ግማሹ ይወልቃል። መበየጃውን 350 ዲግሪ አካባቢ አድርጉ፣ መጀመሪያ የሚበየደውን ብረት አሙቁ፣ እርሳሱን በሞቀው ብረት ላይ አቅልጡት እንጂ በመበየጃው ጫፍ ላይ አይደለም። መስኮት ክፈቱ፣ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ እርሳሱ ውስጥ ያለው ሊድ መርዝ ነው።

የት ላሳየው? ሐይቁ ዳር ይሆናል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ያለው ቦታ ይሁን። ካፌ፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የጓደኛ ሱቅ። ሐይቁ ዳር ያምራል፣ ግን ዝናብ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ጦጣዎቹም ሽቦ መጎተት ይወዳሉ። ከቤት ውጭ ከወጣችሁ ቦርዱን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱት፣ ሽቦው ከታች በኩል ይግባ፣ ውኃ ተከትሎት እንዳይገባ። የቦታውን ባለቤት ወይም ቀበሌውን ሳትጠይቁም አትትከሉ። በፊቼ ጨምባላላ ሰሞን ጉዱማሌ ላይ ማሳየት የሚመኝ አለ፣ ምኞቱ አይከፋም፣ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት አንድ ርቀት ለኪ ማንን ለይቶ ያያል? ሴንሰሩ ሁልጊዜ “ሰው አለ” ነው የሚለው።

ልጆች ይነኩታል። ምንቃሩን ይጎትታሉ። “አትንኩ” የሚል ጽሑፍ አይሠራም፣ ምንቃሩን በቀላሉ የሚቀየር አድርጋችሁ ሥሩትና ሦስት መለዋወጫ ያዙ።

ስንት ብር፣ ስንት ጊዜ?

ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብንጽፈው ነገ ውሸት ይሆናል። ለስሌት ያህል ግን፣ ብራችሁን ሁሉ ኤሌክትሮኒክሱ ላይ አትጨርሱ። ሰው የሚያየው ገላውን ነው፤ ቀለሙን፣ እንጨቱን፣ የላባውን አጨራረስ። ቢያንስ ግማሹን ለዚያ አስቀሩ። ሴንሰርና ሰርቮ ሁለት ሁለት ግዙ፤ አንዱ የሚሞተው ሱቅ በሚዘጋበት ቀን ነው።

ጊዜውን ደግሞ አብርቶ ማጥፋት ከቻላችሁበት ቀን ሳይሆን፣ ሥራው ሳታስረዱ ለማታውቁት ሰው ከሠራበት ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከመክፈቻው ሁለት ሳምንት በፊት እዚያ ደረጃ ላይ ካልደረሳችሁ ከሥራው ላይ አንድ ነገር ቀንሱ። መብራቱን ቀንሱ፣ ድምፁን ቀንሱ። አንገቱ ብቻ በትክክል ከተነሳ ይበቃል።

ካለቀ በኋላ ዕቃውን መልሼ ልጠቀምበት እችላለሁ?

አዎ፣ ቦርዱን ከብየዳው ጋር አታጣብቁት። ሽቦዎቹ የሚያርፉበትን መሰኪያ ብቻ በይዱና አርዱዪኖውን በላዩ ሰክታችሁ አውጡት። ከመንቀላችሁ በፊት ግን የሁሉንም ሽቦ ፎቶ አንሱ፣ ኮዱንም ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ሌላ ቦታ አሳየን የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል።